በልብስ ሰፊ ሜትር

ቸርችል ጎዳና፣ ከጥቁር አንበሳ በር ፊት ለፊት፣
ጠባብ ቢሮ አለችን፣ አውሮፕላን በመስታወቷ የተሳለባት።
አስራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ተቀምጬ ትኬት ቆርጫለሁ፤
የትኛው አገር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ በቃሌ አውቃለሁ።
አራት ሰዓት ዱባይ፣
ሎሜ ስድስት ቢሞላ ነው፣ ነፋስ ሲከፋ ሰማይ ላይ፣
ጓንዡ አስር።
እኔ ግን አንድም ቀን አልበረርኩም።
ከዚህ እስከ ጀሞ ነው የኔ ትልቁ ጉዞ፣
ሁለት ሰዓት፣ በሰልፍ፣ በሰው ክርን መሀል፣ እግር ደንዝዞ።

ጋሽ ሙዘይን የገቡ ዕለት ዝናቡ ያጓራ ነበር፤
ሜትር አንገታቸው ላይ፣ መርፌ በኮታቸው ክሳድ ዳር።
ትኬት አልጠየቁም፣ ወንበርም አልሳቡ፤
«ሙምባይ ሩቅ ነው?» አሉ፣ የግድግዳውን ካርታ እያነበቡ።
«ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር፣ ትንሽም ያልፋል» አልኳቸው፣
እንደ ልማዴ፣ ዋጋ እንደምጠራ፣ ቀና ብዬ ሳላያቸው።
ሺው አልገባቸውም።
ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከስድስት ሜትር በላይ
ለአንድ ሰው ቆርጠው አያውቁም።

ሜትሩን ካንገታቸው ፈቱ፤
አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ በአውራ ጣት ተጭነው፣
ሌላውን በባሕሩ ላይ ሳብ፣ ለጠጥ አድርገው፣
«አስራ አራት ሳንቲም!» አሉ፣ «ይሄማ የእጅጌ አፍ ነው።»
ሊስቁ ጀምረው ተዉት።

በመስታወቱ አሻግረው ፎቁን አዩ፤
አራተኛው ላይ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ ሰኪና ናት።
ለሷ የታዘዘው መርፌ እዚህ አልተገኘም፤
ሙምባይ ነው፣ በበረዶ ታሽጎ፣ በአንድ የጎረቤት ልጅ ሻንጣ፣
በነገው ሌሊት አውሮፕላን የሚመጣ።
«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»
«አምስት ተኩል። ነፋሱ ከፊት ነው፣ ይገፋዋል።»
«መች ይደርሳል ታዲያ?»

እዚህ ላይ ተያዝኩ።
ወረቀቱ የሚያወራው በፈረንጅ ሰዓት፣
ያ ከተማ ከኛ ቀድሞ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገስግሶ በሌሊት፣
ሁለት ተኩሉን ስጥል፣ አምስት ተኩሉን ስደምር፣
ከሁሉም ላይ ስድስት ሰዓት ስቀንስ በኛ አቆጣጠር፣
ሌሊቱ ጣቴ ላይ ጠፋ።
«ተዪው ልጄ» አሉኝ፣ «ሰዓቱን ለባለ ሰዓት።
ፀሐይ ሳትወጣ ነው፣ ወይስ ስትወጣ?»
«ስትወጣ» አልኩ።
ከኪሳቸው ጠመኔ አወጡ፣ ቀይ የልብስ ጠመኔ፣
ባሕሩ መሀል ነጥብ ጣሉ፤ «እኩሌታው እዚህ ነው» አሉ ለኔ።

አውሮፕላኑ አልዘገየም።
እንዲያውም ስምንት ደቂቃ ቀድሞ ነው ያረፈው፤
ስልክ ደውዬ አጣራሁ፣ ማንም ሳያዘኝ።
ከዚያ ጉምሩክ፦ «ደብዳቤው የታለ?»
ደብዳቤው ሲገኝ፦ «ማኅተሙ ደብዝዟል።»
ማኅተሙ ሲታይ መንገድ ተዘጋ፤ እንግዳ ያልፋል።
የቆመው መኪና ሁሉ፣ ከቦሌ እስከ መስቀል አደባባይ፣
አንድ ረጅም ጨርቅ ሆኖ፣ ያለ ስፌት፣ በፀሐይ።
በስድስት ሰዓት፣ ጥላ እግር ስር ሲገባ፣
በለገሃር በኩል ሲመጡ አየኋቸው፣ ካርቶኑን
እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ በእግራቸው፣
ከስታዲየም ጀምሮ፣ የትናንት ጭቃ ጫማቸው ላይ ደርቆባቸው።

ሳንቲሙን አሰብኩት።
አስራ አራት በሰማይ፤
ከቦሌ እስከዚህ ግን ካርታዬ ላይ ምንም የለም፣
ከከተማዋ ነጥብ በታች ነው።
ያ ከወረቀቱ የቀነስኩት ስድስት ሰዓት
ለካ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር።

ሦስት ሳምንት አለፈ።
ሰኪና በበሩ ወጣች፣ በሁለት ሰው ተደግፋ፤
ከበሩ እስከ ታክሲው አርባ እርምጃ ቢሆን ነው፤
በግድግዳው ሰዓት ያዝኩላት፦ አስራ ዘጠኝ ደቂቃ።
ሁለቴ አረፈች። አንዴ ቀና ብላ ሰማይ አየች።
ደንበኛ ጠረጴዛዬን ያንኳኳል፣ «ናይሮቢ ስንት ነው?»
አልሰማሁትም።

ነጥቧን አላጠፋኋትም።
ትናንት አንድ ተማሪ ጣቱን አሳርፎባት፣
«ይቺ ቀይ ደሴት ማን ትባላለች?» አለኝ።
ምን ልበለው።
«በረራ የላትም» አልኩት።